ምዕራፍ 7፦ ከቁጥር ወደ ድምፅ፣ ከድምፅ ወደ ቁጥር

ጎጃም ውስጥ፣ ሽንዲ ላይ፣ ዛሬ ሙዚቃ የሚያደምጥ ሰው ሸክላ አያስቀምጥም፤ ካሴት የሚያዞርም ጥቂት ነው። ዘፈኑ በስልክ ሚሞሪ ወይም በፍላሽ ተይዟል። ፍላሹ እዚያው ከተማው ውስጥ፣ ካልሆነም ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ካለ ሙዚቃ ቤት ይጫናል፤ ቤት ሲደርስ ከስፒከሩ ጀርባ ይሰካና የማሲንቆው ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። ፍላሹ ውስጥ ያለው ግን በተርታ የተደረደረ ቁጥር ብቻ ነው። ያን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መልሶ ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል ክፍል ከስልኩ ወይም ከስፒከሩ ሆድ ውስጥ አለ። ስሙ ዳክ ይባላል።

ዳክ ለብቻው ተሠርቶም ይሸጣል። በስልክና በሄድፎን መካከል የምትገባው የአፕል የ9 ዶላር መሰኪያ በውስጧ ዳክ አለባት። የእንግሊዙ ዲሲኤስ የሚሠራውና ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠረው ሣጥንም ሥራው ያው ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመዱ «ምን ላምጣልህ?» ብሎ የጠየቀው ሙዚቃ ወዳጅ ከዚህ ምርጫ ፊት መቆሙ አይቀርም። ደህና ዳክ ቢጨመርበት ቤት ያለው ስፒከር ይሻሻላል? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ግን ለዳክ የታሰበውን ገንዘብ ወደ ሌላ መሣሪያ ሊያዞረው ይችላል።

ምልክቱና ዜማው

ጎጃም የቅኔና የዜማ አገር ነውና ነገሩን ከዜማ ትምህርት ቤት ብንጀምረው ይቀለናል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በድጓው ላይ በምልክት ይጻፋል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ እየተባለ። ምልክቶቹን በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደደረሷቸው ይነገራል። ብራናው በራሱ አያዜምም። ምልክቱ ዜማ የሚሆነው መሪጌታው አንብቦ በድምፁ ሲመልሰው ነው። ዳክም ለፍላሹ ቁጥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ጸሐፊው ምልክት ቢዘል፣ መሪጌታው ዜማውን በቃሉ ያውቀዋልና ያቀናዋል። ዳክ በቃሉ የሚያውቀው ነገር የለም። የተሰጠውን ቁጥር ይመልሳል፤ የተዘለለው ተዘልሎ ይቀራል። ስለ ዳክ የሚነገረው ሁሉ፣ የአምራቹ ማስታወቂያም ሆነ የወዳጅ ምክር፣ በዚህ ሚዛን መመዘን አለበት።

ስንት ቁጥር ይበቃል?

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ማይክሮፎን ንዝረቱን ወደሚዋዥቅ ቮልቴጅ ይለውጠዋል፤ ዲጂታል መቅጃው ደግሞ ቮልቴጁን በእኩል ጊዜ ልዩነት እየለካ ልኬቱን ይጽፋል። ሲዲ ላይ ይህ ልኬት በአንድ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ይካሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰጋል። በአንዱና በሚቀጥለው ልኬት መካከል የነበረው ድምፅ አልጠፋም ወይ? መልሱን ለመስጠት ሃሪ ናይክዊስት እ.ኤ.አ. በ1928 መሠረት ጣለ፤ ሩሲያዊው ቭላድሚር ኮቴልኒኮቭ በ1933፣ አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1949 በሒሳብ አቆሙት። አንድ ሞገድ ከያዘው ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ከተለካ፣ በልኬቶቹ ላይ ሊያልፍ የሚችለው ሞገድ አንድ ብቻ ነው። የጤነኛ ወጣት ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ንዝረት ይሰማል። የ20,000 እጥፍ 40,000 ነው፤ 44,100 ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ በማስታወቂያ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ደረጃ ደረጃ የሆነ ዲጂታል ሞገድ ከዳኩ አይወጣም። በዳኩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ከጆሮ ወሰን በላይ ያለውን ትርፍ ካስወገደ በኋላ የሚወጣው ሞገድ እንደ መጀመሪያው የለሰለሰ ነው።

ሁለተኛው ነገር እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት ርቅቀት ነው። ሲዲ በ16 ቢት ይጽፋል፤ ይህም 65,536 የተለያዩ እርከኖች ማለት ነው። እያንዳንዱ ቢት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያህል ያሰፋዋል። 16 ቢት ወደ 96 ዴሲቤል ይሰጣል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከሚሰማ የቅጠል ኮሽታ ጆሮ እስከሚያደነቁር የሠርግ ሞንታርቦ ያለውን ልዩነት ለመያዝ ይህ ይበቃል።

ሣጥን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ እንደማይናገር ለመረዳት የሲዲን ጅማሬ ማየት ይጠቅማል። የሶኒው ሲዲፒ-101 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ባለ 16 ቢት ዳክ ነበረው። የሲዲ አጋር ፈጣሪ የሆነው ፊሊፕስ ግን እጁ ላይ የነበረው ባለ 14 ቢት ዳክ ነበር። መሐንዲሶቹ ቁጥሮቹን በአራት እጥፍ ፍጥነት፣ በሰከንድ 176,400 ጊዜ፣ እንዲያልፉ አደረጉ፤ የሚፈጠረውንም ስሕተት ጆሮ ወደማይሰማው ከፍታ ገፉት። ባለ 14 ቢቱ መሣሪያ የ16 ቢት ውጤት ሰጠ። ዛሬ ሣጥኖች ላይ 32 ቢት፣ 768 ኪሎኸርዝ ተብሎ ይጻፋል። በመለኪያ ሲፈተሹ ግን ምርጥ የሚባሉት ዳኮች የሚደርሱት ከ20 እስከ 21 ቢት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለውን በራሱ በኤሌክትሮኒክሱ ሙቀት የሚፈጠረው ሽሽታ ይውጠዋል።

የዋጋው ምክንያት

ውድ ዳክ ተከፍቶ ቢታይ ትልቁን ቦታ የያዘው ቁጥሩን የሚመልሰው ቺፕ አይደለም። ቺፑ ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ኢኤስኤስ፣ ኤኬኤም ወይም ሲረስ ሎጂክ ከሚባሉ ጥቂት አምራቾች ይመጣል። አንድ ዓይነት ቺፕ በርካሹም በውዱም ሣጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የአምራቾቹ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የታየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ጃፓን ኖቤኦካ ከተማ የሚገኘው የኤኬኤም ፋብሪካ በተቃጠለ ጊዜ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ዳክ ሠሪዎች በዕጥረቱ ምክንያት ንድፋቸውን ለሌላ ቺፕ መቀየር ግድ ሆኖባቸው ነበር።

ዋጋውን የሚያንሩት በቺፑ ዙሪያ ያሉት ናቸው። አንዱ ሰዓቱ ነው። ቁጥሮቹ በየ23 ማይክሮሰከንዱ ገደማ ካልወጡ፣ ማለትም አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከወጣ፣ ሞገዱ ይዛባል። በዩኤስቢ የሚሠሩ የዛሬ ዳኮች አብዛኞቹ የራሳቸውን ሰዓት ይዘው ኮምፒውተሩን «አሁን ላክ» ስለሚሉት ይህ ችግር በመጠነኛ ዋጋም ተፈቷል። ሁለተኛው ኃይል አቅራቢው ነው፤ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ አጣርቶ ዝም ያለ ቀጥተኛ ኃይል መስጠት አለበት። ሦስተኛው ከቺፑ ቀጥሎ ያለው የአናሎግ ክፍል ነው፤ አምፕሊፋየሩን የሚነዳው ቮልቴጅ ከዚህ ይወጣል። አንዳንድ ሠሪዎች ደግሞ የተገዛ ቺፕን ትተው በጥንቃቄ የተመረጡ ሬዚስተሮችን በመሰላል ቅርጽ ይደረድራሉ። በዚህ አሠራር የትልቁ ቢት ሬዚስተር በጥቂቱ እንኳ ቢሳሳት ስሕተቱ ከትንሹ ቢት ይበልጣል። ስለዚህ ሬዚስተሮቹን መምረጡና ማስተካከሉ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሣጥኑ፣ የእጅ ሥራውና ስሙም በዋጋው ውስጥ ይገባሉ።

ይህ ሁሉ ሙያ ነው፤ አክብሮትም ይገባዋል። ለጆሮ የሚያደርሰው ልዩነት ግን ከዋጋው ጋር እኩል አያድግም። የ9 ዶላሯ መሰኪያ በመለኪያ ስትፈተሽ ከሲዲው የ16 ቢት ወሰን ጋር የሚስተካከል ውጤት ታመጣለች። ከእሷ ወደ መቶ ዶላሩ ዳክ ሲወጣ የሚገኘው ተጨማሪ ኃይል፣ ብዙ መሰኪያና ዝቅተኛ ሽሽታ ነው። ከዚያ በላይ የሚገኘው ለውጥ በመሣሪያ እንጂ በጆሮ ለመለየት እየከበደ ይሄዳል።

የኤሌክትሪኩ ጉዳይ

ሽንዲም ሆነ ቡሬ ላለ ቤት ግን አንድ እውነተኛ የዳክ ጥቅም አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ በሰከንድ 50 ዙር ነው። በብዙ ቤቶች ማከፋፈያው ላይ የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ግራውንድ፣ የለም ወይም በትክክል አልተቀበረም። ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ እያለ በተራ ኬብል ከአምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ከስፒከሩ የሚያጉረመርም ድምፅ የሚሰማው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከቻርጀሩ የሚያፈተልከው ትንሽ ኤሌክትሪክ መንገድ አጥቶ በድምፅ ኬብሉ በኩል ይሄዳል። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ጉርምርምታውን ካጠፋው ጥፋተኛው ታውቋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ የመሬት ሽቦውን በባለሙያ ማስቀበር ነው፤ ለሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ለነፍስም ይበጃል። ሁለተኛው በብርሃን የሚሠራውን የኦፕቲካል ኬብል የሚቀበል ዳክ ነው። ቁጥሩ በብርሃን ስለሚጓዝ በላኪውና በተቀባዩ መካከል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የለም፤ ጉርምርምታውም መሻገሪያ ያጣል። ምንጩ ቴሌቪዥን ወይም ሲዲ ማጫወቻ ከሆነ ከጀርባው ይህ መውጫ ብዙ ጊዜ አለ። ለዚህ ሥራ መጠነኛ ዳክ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ሳይረሳ፦ ስልክዎ ከስፒከሩ ጋር የሚገናኘው በብሉቱዝ ከሆነ፣ ቁጥሩ ወደ ሞገድ የሚመለሰው ስፒከሩ ውስጥ ባለው ዳክ ነው። በስልኩ ጫፍ ላይ የተሰካ ውድ ዳክ በዚህ መንገድ ላይ የለም።

ድምፁ የሚጠፋው የት ነው?

ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይጠቀማል። የተለመደው ኤምፒ3 128 ኪሎቢት ነው፤ ማለትም ከ11 አንዱ እጅ ያህል። ኤምፒ3 ይህን ያህል የሚቀንሰው ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ነው። ግምቱ ለብዙ ሙዚቃ ያስደንቃል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጥሩ ምንጭና በበቂ ኪሎቢት ከተሠራ ከሲዲ መለየት ያዳግታል። ችግሩ ዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። ከኢንተርኔት የወረደው ወደ ኤምፒ3 ይለወጣል፤ ያ ደግሞ ለሌላ ስልክ ሲባል እንደገና ይጨመቃል፤ በየጊዜው በቀረው ላይ ሌላ ቅናሽ ይደረጋል።

ጥፋቱን በግልጽ የሚያሳየው የራሳችን የጸናጽል ድምፅ ነው። ኤምፒ3 ድምፁን የሚያየው እያንዳንዳቸው 26 ሚሊሰከንድ በሚሆኑ ቁራጮች ነው። ጸናጽሉ በድንገትና በከፍተኛ ድግግሞሽ ሲንሿሿ፣ ከመጭመቁ የተፈጠረው ስሕተት በቁራጩ ሁሉ ይረጭና ከድምፁ ቀድሞ እንደ ብናኝ ይሰማል። የማኅሌት ቅጂ ላይ ጸናጽሉ ጥርት ብሎ ከመንሿሿት ይልቅ ውኃ የገባበት ከመሰለ ፋይሉ ተጎድቷል። በገናም ጥሩ መፈተኛ ነው። ከ10ሩ አውታሮቹ የሚወጣውን ንዝረት የሚያርገበግበው በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ይህ ርግብግቢት ከዋናው ድምፅ በላይ የተደረደሩ ብዙ ከፍተኛ ንዝረቶች አሉት። በተጎዳ ፋይል በገናው ደንዝዞ ክራር ክራር ይላል።

እነዚህን ንዝረቶች ምንም ዓይነት ዳክ አይመልሳቸውም። ፋይሉን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍተው ድግግሞሹን በሥዕል በሚያሳየው ስፔክትሮግራም ቢያዩት፣ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ብዙ ጊዜ 16,000 ኸርዝ አካባቢ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ይታያል። ስሙ ላይ 320 ኪሎቢት ቢጻፍም፣ ምንም ሳይጥል ወደሚጨምቀው ወደ ፍላክ ቢለወጥም፣ የተቆረጠው ያው ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ለምንጩ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሬከርድስ ያሳተማቸውን ዘፈኖች ከተበላሸ ኤምፒ3 ከመስማት፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ካዘጋጀው ኢትዮፒክስ ከተባለው ተከታታይ ሲዲ ላይ መስማት ከየትኛውም ዳክ የሚበልጥ ለውጥ ነው። የዓለሙ አጋ በገና በዚያው ተከታታይ በ11ኛው ሲዲ ላይ አለ።

ሁለተኛው ብር የስፒከሩ ነው። ጥሩ ዳክ ሞገዱን የሚያዛባው ከመቶ በሺኛ እጅ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ስፒከር ግን፣ በተለይ ዝቅተኛውን ድምፅ ከፍ አድርገው ሲያሠሩት፣ ከመቶ 1 እጅና ከዚያ በላይ ያዛባል። ክፍሉም የራሱ ድርሻ አለው። ስፒከሩን ከማዕዘን ማራቅ የከበሮውን ጉምጉምታ ይቀንሳል፤ ወለሉ ላይ ስጋጃ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ወፍራም ጨርቅ ማድረግ ድምፁን ያጠራል። በክረምት ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ባለ 16 ቢቱም ባለ 24 ቢቱም ከዝናቡ በታች ናቸው፤ በጨርቅም ቢሆን ኮርኒስ ማስመታት ይቀድማል።

በእኩል ሚዛን መስማት

ዳክ ከመግዛትዎ በፊት የመሞከር ዕድል ካገኙ አንድ ወጥመድ አለ። ለብቻው የሚቆም ዳክ ብዙውን ጊዜ 2 ቮልት ያወጣል፤ የስልክ መሰኪያ 1 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ነው። እጥፍ ቮልቴጅ የ6 ዴሲቤል ብልጫ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ «የጠራ» እና «የሞላ» ብሎ ይፈርዳል። ሻጩ ሳያስበው፣ ገዢውም ሳያውቀው፣ ቮልዩም ገንዘብ ያስወጣል።

ስለዚህ የሁለቱን የድምፅ መጠን ያመጣጥኑ። ከስልክዎ የ50 ኸርዝ ድምፅ ዝግ አድርገው ያጫውቱ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚይዘውን ተራ ቴስተር ወደ ኤሲ ቮልት አዙረው በስፒከሩ ሽቦዎች ላይ ይለኩ። ተራ ቴስተር በትክክል የሚለካው በዚህ ድግግሞሽ አካባቢ ነውና ይበቃል። በሁለቱም ዳኮች ንባቡ ከመቶ 1 እጅ በማይበልጥ ልዩነት እስኪገጥም ቮልዩሙን ያስተካክሉ። ከዚያ ሌላ ሰው ኬብሉን እየቀያየረ፣ የትኛው እንደሆነ ሳይነግርዎ ያድምጡና ምርጫዎን በየተራው ይጻፉ። ደጋግመው በትክክል ከለዩት ልዩነቱ አለ፤ ገንዘብዎን ያውጡበት። ካልለዩት የዘመድዎን ሻንጣ ለሌላ ነገር ያቆዩት።

በተቃራኒው በኩል

ለዚያ «ሌላ ነገር» ይህ ጸሐፊ ጠንካራ አቋም አለው። በጎጃም ዛሬ ከዳክ ይልቅ የሚያስፈልገው ተቃራኒው መሣሪያ፣ ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ነው።

በሕዝብ ዘንድ የቆየው የአገራችን ሙዚቃ ብዙው በካሴት ነው። ተራ ካሴት በሽሽታውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ለ6 ሲካፈል ከ8 እስከ 10 ቢት ገደማ ይሆናል። ካሴትን ከነሙሉ ይዘቱ ወደ ቁጥር ለማምጣት የሚያስፈልገው መሣሪያ ስለዚህ ውድ መሆን የለበትም፤ ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ ትንሽ የዩኤስቢ መቅጃ ከበቂ በላይ ነው። ካሴቱ ግን ጊዜ የለውም። ቴፑ ይደርቃል፤ ይጣበቃል፤ ሻጋታ ያበቅላል። ማጫወቻውም መለዋወጫ እያጣ ነው።

ምን ሊተርፍ እንደሚችል የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ሥራ በካሴት ወጥቶ ነበር፤ እሱ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ዓመታት አለፉ። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ሥራው በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ይህ የሆነው አንድ ካሴት ሳይጣል ስለቆየና በጥንቃቄ ወደ ቁጥር ስለተለወጠ ነው። ሽንዲ ባለችበት በወምበርማና በቡሬ ዙሪያ ባሉ ቤቶች ያሉት የሠርግ፣ የአዝማሪ፣ የማኅሌትና የቅኔ ካሴቶች ደግሞ ብዙዎቹ ሌላ ግልባጭ የላቸውም።

አሠራሩ ይህ ነው። የማጫወቻውን ሄድ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ይጥረጉ፤ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ካሴቱን አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ አዙረው ያፍታቱት። ድምፁ ከደነዘዘ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በቀስታ እያዞሩ ሽሽታው በጣም የሚጠራበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ሄዱ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ከፍተኛው ድምፅ ነው ቀድሞ የሚጠፋው። ቅጂውን 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ በዌቭ ፋይል ያድርጉ። ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ያስተካክሉ፤ ከጣሪያው ያለፈ ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል፤ መመለሻ የለውም። አንድ ሰዓት ቅጂ ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ 60 ሰዓት ያህል ይይዛል። በሁለት የተለያዩ ቦታዎች የሚቀመጡ ሁለት ግልባጮች ያድርጉ። የተጫዋቹን ስም፣ ቦታውን፣ ዓመቱንና ዝግጅቱን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ። ሽሽታውን ለማጥፋት ብለው ዋናውን ፋይል አይንኩ፤ ማጥራት የፈለጉ እንደሆነ በግልባጩ ላይ ያድርጉ።

ይህ ካለቀ በኋላ ደህና ዳክ መግዛት ያምራል። የሚመልሰው ሙሉ ቁጥር ያገኛልና።